ጂኒቷ «ፈንታዬ» አለች

ይድረስ ለእታለም አሲያ፣ ሪያድ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን ይጠዘጥዘኛል ያልሽው ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃውን የምታጥቢው አንቺው ነሽ? መዳምሽ ቁጣዋ በርዷል? ያቺ ሾርባ የምትደፋብሽ ትንሿ ልጅስ ገራች? ብርዱንስ እንዴት ቻልሽው? ሪያድ በጥር ይበርዳል ያልሽን ጊዜ አባ አላመነም፤ «የአረብ አገር ብርድ!» እያለ ለመንደሩ ሁሉ ሲያወራብሽ ሰነበተ። ሰላምታዬ እንደ ሐይቅ ውሃ ይብዛልሽ እንዳልል ውሃው ዘንድሮ ሸሽቷል ይላሉ፤ እንደ አባ ንዝንዝ ይብዛልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። እማ ጉልበቷን አሟታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው።

ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ወይ ሰው የሞተበት ነው ወይ ያበደ። ማንም አልሞተም፤ አትደንግጪ። ነገሩ ስልክ የማይሆን ሆኖብኝ ነው። በኢሞ ስትደውዪ ስልኩ መሀል ቤት ይቀመጥና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብዬ አልፋለሁ። ስንት ዓመት እንዲሁ አለፍኩ። ራህማ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ላኩልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ አንብበሽ ስትጨርሺም ቅደጂው። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ሕግ ያሳስራል፤ ከሕግ በፊት ደግሞ ሰው ይደርሳል።

የምጽፍልሽ ከሪያድ ስለተመለሰችው ስለ ኢቲሳም ነው። «አንድ ከተማ ኖረናል፣ ጸባይዋን አውቀዋለሁ፣ ለሰዑድ ትሆነዋለች» ብለሽ ለእማ የነገርሻት ዕለት ቤታችን ሰርግ ቤት መስሎ ዋለ። ለወላጆቿም ደውለሽ ቃል ሰጠሽ። እነሱም እሺ አሉ፤ ኒካሑ ከረመዳን በፊት ላለው ወር፣ ለሻዕባን ተቆርጧል። እማ ጀበና ሳይቀር አዲስ ገዝታለች። እታለም፣ እኔ ኢቲሳምን ላገባት አልችልም። ልጅቷ እንከን የለባትም። ምክንያቱን ልነግረው የምችል ሰው ካንቺ በቀር የለኝም፤ ላንቺም ቢሆን ስጽፍ ስቀድ ነው የሰነበትኩት።

አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ እላችሁ ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር፤ አስተናጋጅ ነበርኩ። በኋላ ግን ሆቴል የምገባው በሌላ ሥራ ነው። ወንዶች ለወንድ ገላ የሚከፍሉበት ሥራ አለ፤ እኔ ያንን ነበር የምሠራው። ከዚህ በላይ አላብራራውም፤ ገብቶሻል። እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጪና ውሃ ጠጪ።

ረሃብ ነው ያስገባኝ ብልሽ ይቀልሽ ይሆናል። ግማሹ ረሃብ ነው። አብረውን ከሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ሚስት ወይም ፍቅረኛ ነበራቸው፤ «ይኼ እንጀራ ነው እንጂ እኔ ሌላ ነኝ» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውንም ነው። እኔም ከነሱ እኩል እል ነበር። ግን እታለም፣ እኔ ነገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሐይቅ እያለሁ፣ ጢም ሳላበቅል። የእኩዮቼ ልብ ወደ ሴት ልጅ ሲሄድ የኔ ወደዚያ አልሄደም። ሥራውን ብተው ነገሩም ይተወኛል ብዬ ነበር። ሥራው ከቀረ ይኸው ስንት ጊዜው፤ እኔ ግን እኔው ነኝ።

የዚያ ሥራ ክፋቱ ሰው መሀል ሆኖ ብቻን መሆን ነው። እውነተኛ ስሜን ለማንም አልናገርም ነበር፤ ለአንዱ ሳሚ ነኝ፣ ለሌላው ዳኒ። መንገድ ላይ «ሰዑድ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ስሰማ ለሌላ መስሎኝ አልፌ የሄድኩበት ቀን አለ። የምነካውም የሚነካኝም ሰው አላጣሁም፤ በልተሃል ወይ የሚለኝ ግን አልነበረም።

እርስ በርሳችን የምንጠራራበት አንድ ስም ነበረን፦ «ዜጋ»። እገሌ ዜጋ ነው ከተባለ ከኛ ወገን ነው ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሰማም ምንም አይገባውም። ታዲያ በ2010 ለውጥ መጣ ሲባል ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ታክሲው ሁሉ «ዜጋ፣ ዜጋ» ማለት ጀመረ። «ማንኛውም ዜጋ ከእንግዲህ ያለ ፍርሃት ይኖራል» ሲባል ሻይ ቤት ተቀምጠን ሰማንና ሳቅ ገደለን፤ ፈንታሁን ሻዩ ትን አለው። አገሩ ሁሉ ተደመረ ሲባል እኛ የሂሳቡ ደብተር ላይም አልነበርንም። ያም ሆኖ ያን ክረምት ትንሽ ደስ ብሎን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ደስ ሲለው አይቶ ዝም ማለት ይከብዳል።

ፈንታሁን ማን ነው ትዪኝ ይሆናል። የአምባሰል ልጅ ነው፤ አገሩ ከግሸን ግርጌ ነው። እሱም የመጣው በዚያው ሥራ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ተሰብስበን ስናወራ «ሆድዬ» የምትለዋ ቃል አመለጠችኝና ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ፣ የወሎ ልጅ ነህ እንዴ?» አለኝ። በሰው አገር «ሆድዬ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ማግኘት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ክፍል ተጋርተን ኖርን። እሱ ሁዳዴን ሲጾም እኔም ሥጋ ወደ ቤት አላስገባም ነበር፤ በረመዳን ለሱሑር የሚቀሰቅሰኝ ደግሞ እሱ ነበር። ከሌሎቹ ጋር የነበረው ሥራ ነው። ከሱ ጋር የነበረው ግን ሥራ አልነበረም። እኔ «ፈንታ» እለው ነበር።

ከዚያ ፈንታ ዝም እያለ መጣ። መጀመሪያ መሳቅ ተወ፣ ቀጥሎ መብላት፣ ቀጥሎ ከአልጋ መነሳት። ምን ሆንክ ስለው «ደክሞኝ ነው» ይለኛል። የሚደክም ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል፤ እሱ ግን አልተሻለውም። አንድ ቀን እኔ ሳልኖር ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ጎረቤት ደረሰለትና አላህ አተረፈው። አባቱ ከአምባሰል መጥተው ወሰዱት። እኔንም «ልጄን ያስታመምክ፣ የልብህን ይስጥህ» ብለው እጄን ይዘው መረቁኝ። የልቤን ይዘው እየሄዱ መሆኑን አላወቁም። እሱ ከሄደ በኋላ በሽታውን ለኔ ጥሎልኝ የሄደ መሰለኝ። እንቅልፍ ተጣላኝ፤ እህል አፈር አፈር አለኝ። ሐምሌ 2013 ላይ ሻንጣዬን ይዤ ሐይቅ ገባሁ። ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ አልኳችሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሆነውን በስልክ ነግረንሻል፤ አልደግመውም። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ ክፉ ነገር ነውና አፉ በይኝ። ጦርነቱ እኔን አሳረፈኝ። ሰው ሁሉ እንደኔ ሆነ። ማንም አይተኛም፣ ማንም ጠግቦ አይበላም፣ በር ሲንኳኳ ሁሉም ይደነግጣል። «ምን ሆነሃል?» የሚለኝ ጠፋ። እማና ትንሿ እህታችን ሀያ ከጎረቤት ጋር ሲወጡ አባ «ቤቴን ጥዬ አልሄድም» ብሎ ቀረ፤ እኔም ከሱ ጋር ቀረሁ። ባቄላ ቆልተን እየበላን በር ዘግተን ሰነበትን። አንድ ቀን ተኩሱ ሲበረታ አባ ጋቢውን በሁለታችን ላይ ጣለው፤ ከሕፃንነቴ ወዲህ እንዲያ አቅፎኝ አያውቅም። እንዳይለቀኝ ስል ተኩሱ ባያቆም ብዬ ተመኘሁ። እንደዚህ ያለ ሰው ሆኛለሁ እንግዲህ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ሰዎቻችን ሲመለሱ፣ አገሩ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጣሪያው ተጠገነ፣ ገበያው ቆመ፣ ሰው እንደገና መጣላት ጀመረ። እኔ ብቻ እዚያው ቀረሁ። አንድ ሰሞን ሐይቁን በክፉ ዓይን አየሁት፤ አልደብቅሽም። አያ ኡስማን፣ አሳ አጥማጁ፣ ዳር ላይ ተቀምጬ አየኝና «ከምትቀመጥ ና መረብ ፍታልኝ» አለኝ። ለምን እንደተቀመጥኩ አልጠየቀኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱ ጋር እሠራለሁ፤ ከአሳው ሽታ በቀር የሚከፋ ነገር የለውም።

እማ ግን ዝም አትልም። ሸህ ሀሚድ ዘንድ ወሰደችኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቁርአን ቀሩብኝ፣ ክፉ አልተናገሩኝም። «ተኝቶ ይናገራል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ እማ ከኔ ቀድማ «ኧረ ይናገራል ሸሄ! ‹ፈንታዬ፣ ፈንታዬ› ሲል ነው የሚያድር» አለች። ሸሁ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «በቃ፣ ተገኘ» አሉ። «የሚናገረው እሱ አይደለም፤ ጂኒቷ ናት። ወዳዋለች። ‹ፈንታዬ ነው፣ ድርሻዬ ነው፣ አትንኩብኝ› ነው የምትለው። ሴት አላይ ያለው ለዚህ ነው። ቶሎ ዳሩት፤ ሌላ ሴት ስትገባ ትለቀዋለች» አሉ።

እታለም፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? የሰው ስም ነው ብዬ እንዴት ልናገር? ደግሞም እውነቱን ልንገርሽና ጂኒቷ ጠቀመችኝ። «ሰዑድ ለምን አያገባም?» ሲባል «ጂኒት ይዛው ነው» ይባላል፤ ሰው ያዝንልኛል፣ ሴቶቹ ዱዓ ያደርጉልኛል። ሀያማ «ቆንጆ ናት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ካንቺ ትሻላለች» አልኳት። ከኋላዋ ተደብቄ ዕድሜዬን ልጨርስ አስቤ ነበር። ታዲያ መድኃኒቱ መዳር ነው ስለተባለ እማ ላንቺ ነገረችሽ፤ አንቺም በቅን ልብሽ ኢቲሳምን አልሽ።

ደሴ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፤ ይኼን ማንም አያውቅም። አሳ ላደርስ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። የአእምሮ ሐኪሙ በሽታህ ድባቴ ይባላል ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። «የደበቅኸኝ ነገር አለ?» ሲለኝ የለም አልኩት። በሌላ ጊዜ ስሄድ ግን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠና «መድኃኒቱ ለድባቴው ነው። ለዚያኛው መድኃኒት የለኝም፤ በሽታ ነውም አላልኩህ» አለኝ። ቀጥሎ «ይኼን የምትነግረው አንድ ሰው የለህም?» አለኝ። እህት አለችኝ አልኩት። መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው፤ እንቅልፌ ትንሽ ተመልሷል።

አልዋሽሽም፣ ልቤ ይዋዥቅ ነበር። ላግባትና ልቻለው፣ ስንቱ እንዲሁ ይኖር የለ? እል ነበር። ፈንታሁንም ማግባቱን ሰምቼ ነበር። እንዴት እንደሆነለት ልየው ብዬ ባለፈው መስከረም ለግሸን ንግሥ ከሚሄዱት ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለእማ «ለጂኒቷ ጠበል ልሞክርላት» ስላት «የማርያሙም ከአላህ ነው» ብላ ስንቅ ቋጠረችልኝ። ከአውቶቡስ ወርደን መንገደኛው ወደ ተራራው ሲወጣ እኔ ወደ ፈንታሁን መንደር ታጠፍኩ።

ደጁ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ሲጠርብ አገኘሁት። ከስቷል። «ደህና መጣህ» አለኝና ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ስለ አዝመራው ጠየቀኝ። ስለ አሳው ጠየቀኝ። አንድም ጊዜ ዓይን ለዓይን አላየኝም። በጎቹን ላግባ ብሎ ወጣ። ሚስቱ እናትነሽ ትባላለች፤ የነሱን ሥጋ እንደማልበላ አውቃ ወተት አቀረበችልኝ። እሱ ከወጣ በኋላ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አንተ የከተማ ጓደኛው ነህ፣ ታውቀዋለህ። በማርያም ንገረኝ፣ ምን በድዬው ነው?» አለችኝ። አይመታኝም አለች፣ አይሰድበኝም፤ ግን አጠገቤ ተኝቶ የለም። እናቱ የሷ ጥፋት ነው ትላለች፣ ጎረቤት ገላዋ ገደ ቢስ ነው ይላል። ካገባችው ጀምሮ ጠበል የምትጠመቀው እሷ ናት። እታለም፣ የልጅቷ ፊት የበሽተኛ ፊት ነበር፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ የራሴን አይቻለሁና። «አንቺ ምንም አልበደልሽም» አልኳት። «ታዲያ ማን ነው?» አለችኝ። ወተቱን ጠጥቼ ተነሳሁ። ፈንታሁን ሳይመለስ ሄድኩ፤ እሱንም አልፈርድበትም፣ ዳሩት እንጂ አላገባም።

ኢቲሳምን እንዲህ አላደርጋትም። በቀደም ከእማ ጋር ልትውል መጥታ፣ አረብ አገር ስምሽን የሚጠራ ሰው እንደማይገኝ ስታወራኝ ቆየችና «ሰዑድ፣ እኔ ብዙ አልፈልግም። ከውጭ ስገባ ደስ የሚለው ሰው ይኑረኝ፤ በቃኝ» አለችኝ። እኔ ልከባከባት እችላለሁ፣ ላስታምማት እችላለሁ። ስትገባ እንዲያ ደስ ሊለኝ ግን አይችልም፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ምን አጉድዬ ነው ስትል ልትኖር ነው።

እኔ አፍ አውጥቼ እምቢ ብል «ምን አግኝቶባት ነው?» ይባላል፤ የሷ ስም ነው የሚጠፋ። ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ ማንሳት የምትችዪም አንቺ ብቻ። ለወላጆቿ ደውዪና «የወንድሜ በሽታ አልለቀቀውም፣ የሰው ልጅ አላስርም» በያቸው። ጉድለቱ ሁሉ እኔ ላይ ይደፋ። ለሸህ ሀሚድም ጂኒቷ ፈንታዬ ማለቷን አልተወችም በያቸው፤ ውሸት አይሆንብሽም። ብቻ ከሻዕባን በፊት አድርጊው። አንቺ ዝም ካልሽ ኒካሑ ይታሰራል፤ እኔ በሽማግሌ ፊት የሚቆም ጉልበት የለኝም።

ስለኔ ምን እንደምታስቢ አላውቅም። ሐራም ነው ትዪኝ ይሆናል፤ ካንቺ በፊት እኔ ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ሱጁድ ላይ ወድቄ። ያን ከአላህ ጋር እንነጋገርበታለን። ካንቺ የምፈልገው ሌላ ነው። አንቺ አዝለሽ ያሳደግሽኝ ነሽ፤ ስቆሽሽ ያጠብሽኝ ነሽ። ያ ያዘልሽው ልጅ ይኼ ነው፤ ሌላ የለም። ብትቆጪ ተቆጪ፣ ብትሰድቢኝ ስደቢኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ፤ ዝምታ በቅቶኛል።

እማ ሰላም ትልሻለች፤ ጥቁር አዝሙዱ ደረሰሽ ወይ ብላለች። አባ ሰላም ይልሻል፤ ስለ ብርዱ ይቅርታ አልጠይቅም ብሏል። ሀያ ሰላም ትልሻለች፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፣ አንቺን ነው የመሰለችው። አያ ኡስማን ሰላም ይልሻል፤ ስትመጪ የሚጠብስልሽን አሳ ከአሁኑ መርጫለሁ ይላል። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ይህን ልዘጋ ስል ኢቲሳም ደጃችን አለፈች። «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ላንቺ ነው ስላት ፊቷ በራ። «ለዋርሳዬ ሰላም በልልኝ፤ እሷ ሳትመጣ ሂና አልሞቅም በላት» ብላ እየሳቀች ሄደች። የተላከ ሰላምታ አማና ነውና፣ አደራውን ይኸው አደረስኩ።

ወንድምሽ ሰዑድ
ሐይቅ፣ ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.